ቆላ የወረዱ ልጆች

ካምፓላ መብራት ሲጠፋ ጎረቤቶቻችን ስለ ፍሪጃቸው ይጨነቃሉ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ካውያ ነው። ነገ ትምህርት ቤት አለ። ቀኑን ሙሉ ገመድ ላይ የዋለው ልብስ ሶፋው ላይ ተከምሯል፤ ካልተተኮሰ ማንም አይለብሰውም። ዩኒፎርሙን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ካልሲው፣ ሙታንታው፣ ፎጣው፣ አንሶላው፣ የትራስ ልብሱ ሁሉ ካውያ ሳይነካው ቁም ሣጥን አይገባም። አዲስ አበባ ሳለሁ ካልሲ የሚተኩስ ሰው ባይ ስስቅበት እውል ነበር።

አንድ ማታ እንዲሁ መብራት ሄዶ አንቲ የከሰል ካውያውን አወጣች። አንቲ የምንላት ቤት የምታግዘኝን ሴት ነው፤ እዚህ ልጆች ሠራተኛን በስሟ አይጠሩም፣ አንቲ ነው የሚሏት፤ እኔም ከልጆቼ ለመድኩት። ካውያው አያቴ ቤት የነበረው ዓይነት ነው፦ ሆዱ ከሰል የሚጎርስ፣ መክፈቻው ላይ የብረት ዶሮ የተቀመጠበት። በረንዳ ላይ ቆማ ወደ ፊት ወደ ኋላ ስታወዛውዘው ፍሙ ፈካ፣ አመዱ ብን አለ። ከዚያ ገብታ የልጄን ሸሚዝ ገልብጣ ዘረጋችው። እሷ የምትተኩሰው ለመልክ አይደለም። ብብቱ ጋ ስትደርስ እጇ ይዘገያል። የአንገትጌው ስፌት፣ የኪሱ አፍ፣ የሱሪው ወገብ ላስቲክ ላይ ካውያውን አሳርፋ በልቧ የምትቆጥር ይመስለኛል። እንቁላሉ የሚተርፈው ጨርቅ ከተደራረበበት ቦታ ነዋ።

እንቁላሉን የምትጥለው የማንጎ ዝንብ የሚሏት ናት። ከቤት ዝንብ ተለቅ ያለች፣ ቡናማ ቢጤ ናት። ጥላ ሥር የተሰጣ እርጥብ ልብስ ካገኘች ትጥልበታለች፤ በሁለት በሦስት ቀን ይፈለፈላል፤ ትሉም የሰው ገላ እስኪነካው ድረስ ልብሱ ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ከዚያ ቆዳ ሥር ይገባና ከ8 እስከ 12 ቀን እዚያው ይሰባል። ከውጭ ለሚያይ ሰው እባጭ ነው።

እኛ ቤት የገባው በመጀመሪያው የካምፓላ ዓመታችን ነው። ልጁ ገና አንድ ዓመቱ ነበር፤ ጀርባው ላይ ሦስት እባጭ አወጣ። በሞቀ ውሃና በጨው አጠብኩት። ለእናቴ ደወልኩላት። "ሙቀቱ ነው፤ ቆላ አወረድሽው እኮ" አለችኝ። በሦስተኛው ቀን አከራያችን ሊጠይቁን መጡ። ሽማግሌ ሴት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጃጃ ይላቸዋል፣ በሉጋንዳ አያት ማለት ነው። ልጁን ጭናቸው ላይ በሆዱ አስተኙትና እባጮቹን አተኩረው አዩ። እያንዳንዳቸው አናት ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ነበረች፤ እኔ አላየኋትም። ቫዝሊን አስመጡና ሦስቱንም ቀዳዳ ደፈኗቸው። እሳቸው እንግሊዝኛ አይችሉም፣ እኔ ሉጋንዳ አልችልም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብለን ተቀመጥን። አየር ያጠረው ትል ነጭ ጫፉን ብቅ ሲያደርግ በሁለት አውራ ጣታቸው ጫን አሉት። አውጥተው የሙዝ ቅጠል ላይ አስቀመጡልኝ። ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ መጀመሪያ አጥሩ ላይ የሰጣሁትን ልብስ፣ ቀጥሎ ካውያዬን በጣታቸው አመለከቱኝ።

እናቴ "ቆላ" ስትል የቦታ ስም እየጠራች አይደለም። የደንቢያ ልጅ ናት፤ ከጣና በስተሰሜን። በ1951 ዓ.ም. ግድም ዝናቡም ሙቀቱም ካለወትሮው በርትቶ ወባ ወደ ደጋው ሲወጣ ትንሽ ልጅ ነበረች። በዚያ ወረርሽኝ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺሕ ያህሉ እንደ ሞተ ይገመታል። እሷ ቁጥሩን አታውቅም። የምታስታውሰው የደረሰ እህል ማሳ ላይ ቆሞ አጫጅ መጥፋቱን ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው የልጅ ልጆቿ ከምድር ወገብ አጠገብ እንደሚያድጉ ስትሰማ ምን ትላለች? ባለቤቴ ሥራ አግኝቶ ስንነሣ ለእኔ የሰጠችኝ ስንቅ ግማሹ በርበሬ፣ ግማሹ ነጭ ሽንኩርት ነበር።

በመጽሐፉ ከሄድን ትክክል ናት። ትምህርት ቤት እንደተማርነው ከ500 እስከ 1,500 ሜትር ያለው አገር ቆላ ነው፤ ካምፓላ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የድሬዳዋ እኩያ መሆኗ ነው። ነገር ግን ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ካምፓላ ቢመጣ ይስቃል። ቀኑ ከ30 ዲግሪ የሚያልፈው አልፎ አልፎ ነው፤ ሌሊቱ አንሶላ ያስደርባል። ያንን ሁሉ የሚያበርደው ቪክቶሪያ ሐይቅ ነው፤ የአገሬው ሰው ናሉባሌ ይለዋል። ደረቅ የሚባል ነገር ግን የለም። ጫማ ቁም ሣጥን ውስጥ ይሻግታል፣ ጨው ይረጥባል፣ የፎቶ አልበም ገጹ ይጣበቃል። አጥር ይሁን ብለህ የተከልከው እንጨት ቅጠል ያወጣል።

እኔም የእናቴ ልጅ ነኝና ፍርሃቱን ይዤው መጣሁ። እንዳሰብኩት አልሆነም። ቆላው ሊገድለን ይችላል፤ ግን እንደ ጠላት ጦር አልመጣብንም። የመጣው እንደ ቤት ሥራ ነው። መተኮስ፣ መስኮት መዝጋት፣ ውሃ ማፍላት፣ ባልዲ መገልበጥ፣ እግር ጥፍር ሥር ሙጃሌ መፈለግ። ለዚህ ሁሉ ዘዴ አለው፤ ጃጃ አንድ በአንድ አስተማሩኝ። ዘዴ ያጣሁለት ነገር ሌላ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ማታ 12 ሰዓት ተኩል ሲል መስኮት ይዘጋል። እዚህ ምሽት የሚባል ነገር እምብዛም የለም፤ ፀሐይዋ ዘንበል ሳትል በቀጥታ ትወርዳለች፣ ልጅ ኳስ እየተጫወተ ኳሷ ትጠፋበታለች። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የወባ ትንኝ ነው። ሁለቱ አልጋዎች ላይ ሁለት አጎበር አለ፤ ከጣሪያ በቀለበት የተንጠለጠሉ። ልጁ የሱ ሲቀደድ ራሱ ይሰፋል፤ አሥራ አራት ስፌት ቆጥሬበታለሁ። እህቱ ግን አጎበሯን ቤት አድርጋዋለች። አሻንጉሊቶቿ እዚያ ይገባሉ፣ የእጅ ባትሪ እዚያ ይበራል፣ ግድግዳው ላይ ያለችው እንሽላሊት በጨርቁ ውስጥ ስትታይ ስም ወጥቶላታል። ከመተኛቷ በፊት አራቱንም ማዕዘን ከፍራሹ ሥር ትጠቀጥቅና አንድ በአንድ ትነካካዋለች። እኔ ብጠቀጥቅላት አታምነኝም፤ ደግማ ታየዋለች።

ካምፓላ ከቀረው የኡጋንዳ ክፍል ሲነጻጸር ወባ የሚያንስበት ነው። ልጁን ያገኘው ጃጃ የትውልድ መንደራቸውን ልታዩልኝ ይገባል ብለው በማሳካ መንገድ ይዘውን የሄዱ ጊዜ ነው። ካያብዌ ላይ የምድር ወገብን ስናቋርጥ ቆም አልን። አንድ ወጣት በሳህን ውሃ እየደፋ፣ በሰሜን በኩል በዚህ፣ በደቡብ በኩል በዚያ እንደሚዞር አሳየን። (በሳህን ውሃ ላይ የምድር መዞር የሚያደርገው ለውጥ የለም፤ ዋናው የወጣቱ አቀዳድ ነው። ልጄ ግን እስካሁን ያምናል፤ ተዉት።) መንደሩ ውስጥ አንድ ሌሊት አደርን። የተሰጠን አጎበር የራስጌው በኩል ክፍት ነበር።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አልጋው ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር። ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ ብርድ ልብስ አለበስኩት፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሊነካ የማይቻል እሳት ሆነ። አገር ቤት ቢሆን "ይንጋና" ይባል ነበር። እዚህ ማንም ይንጋ አይልም። በኛ አገር በብዛት ያለው ወባ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ጉበት ውስጥ ተደብቆ እየተመላለሰ የሚያሰቃየው ነው። የኡጋንዳው ከሞላ ጎደል ሁሉም ሌላው ነው፤ ፋልሲፓረም የሚባለው፣ በሁለት ቀን ውስጥ ልጅን ራሱን አስቶ ሊያንዘፈዝፍ የሚችለው። ባለቤቴ መኪናውን አስነሣ። የሰፈራችን ክሊኒክ የላብራቶሪው ልጅ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ዓይኑን እያሻሸ የልጄን ጣት ወጋ፤ ጠብታዋን ትንሿ ፕላስቲክ ላይ አኖረና ሰዓቱን ተመለከተ። ሩብ ሰዓት። በሕይወቴ እንዲህ የረዘመ ሩብ ሰዓት አላውቅም። ሁለት መስመር ወጣ።

መድኃኒቱ ኮአርተም ነው፤ የሚሰጠው በኪሎ ነው እንጂ በዕድሜ አይደለም። ልጁ 22 ኪሎ ነበር፤ ስለዚህ ሁለት ክኒን፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ ሁለት፤ ከዚያ ለሁለት ቀን ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት። ይመራል። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ ደግሞ በደንብ ወደ ደም አይገባም። ቅቤ ያለው ወተት፣ አቮካዶ፣ የኦቾሎኒ ወጥ፤ ያገኘሁትን ሁሉ እያቀረብኩ ሦስት ቀን ለመንኩት። በአራተኛው ቀን ኳስ ሜዳ ነበር። እናቴን ያሳወቅኳት ከአንድ ወር በኋላ ነው። ዝም አለች፣ ከዚያ "አንቺም አልተኛሽም ነበር ማለት ነው" አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ2025 ኡጋንዳ ለሕፃናት የወባ ክትባት መስጠት ጀምራለች፤ ዐሥራ ስምንት ወር ላይ የሚያበቃ አራት መርፌ። የኔዎቹ ዕድሜው አልፏቸዋል፤ የአንቲ የመጨረሻ ልጅ ግን ወስዳለች።

ለሐይቁ የሚሆን የቤት ሥራ የለም። ከበረንዳችን ይታያል፤ ልጆቹ ግን እንዳይገቡበት ተከልክለዋል። ዳር ዳሩ ላይ ያሉት ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዚያ ጥገኛን ያራባሉ፤ ቆዳ ሳይቆስል ሰርጎ ይገባል። ልጄ "ጓደኞቼ ይዋኛሉ" ይላል። እውነቱን ነው፤ በየጊዜው ክኒን ይወስዳሉ። እኔ አይሆንም እላለሁ። ስለ ዓባይ እዚህ አንድም ቃል አልጽፍም፤ ጂንጃ ሄዶ የነጭ ዓባይን መነሻ ያየ ሐበሻ ሁሉ ጽፎበታል።

አሁን ከሚያስደስተኝ ነገር አንዱን ላውራ። በመጣንበት ወር ግራ ያልገባኝ ነገር ሰዓት ብቻ ነው። አልጋ የሚሠራልን አናጺ በአንቲ በኩል "ሳዋ ሳቱ" ብሎ ላከ። ባለቤቴ ቢሮ ውስጥ ቁጥር ለምዶ ነበርና ተረጎመው፦ "ሳቱ ሦስት ነው። በፈረንጅ ሦስት ማለቱ ስለሆነ በኛ ዘጠኝ ሰዓት ይመጣል፤ አትጠብቂው።" ወጥቶ ሄደ። አናጺው ልክ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የአልጋውን እግሮች ተሸክሞ በሩ ላይ ቆመ። ሉጋንዳ ተናጋሪዎቹ ባጋንዳ እንደኛው ከንጋት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት፤ የኛ ሁለት ሰዓት የእነሱም ሁለት ሰዓት ነው፤ ሰዓታችንም ያው ሰዓት ነው፤ ከአዲስ አበባ አንድ ደቂቃ አይለይም። የሚያስኬደው ምክንያት ፀሐይ ናት። በምድር ወገብ አካባቢ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ የሚለዋወጠው በጥቂት ደቂቃ ነው፤ ፀሐይ ሁልጊዜ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ገደማ ባለው ውስጥ ትወጣለች፣ እንዲሁ ትገባለች። እንዲህ ታማኝ ፀሐይ ያለው ሰው መቁጠር ሌላ ከየት ይጀምራል? ልጆቼ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ሲጠየቁ "ስምንት" ይላሉ፤ ቤት "ሁለት"፤ ጃጃ ግቢ "ቢሪ"። ስሕተት ሠርተው አያውቁም። ባለቤቴ ነው እስካሁን በጣቱ የሚቆጥረው።

ወጥ ቤቱ ግን ብዙ አስተክዞኛል። አዲስ አበባ ክረምት ላይ ሦስት ቀን የሚፈጅ ሊጥ እዚህ በማግስቱ ኩፍ ብሎ ክዳኑን ይገፋል። እንደለመድኩት ሦስት ቀን ብጠብቅ እንጀራው ኮምጥጦ ልጆቹ ፊታቸውን አጨማደዱ። ቶሎ ባወጣው ደግሞ ዓይን የለውም። አብሲቱን ቀነስኩ፣ እርሾውን በማንኪያ ለካሁ፣ ቡሃቃውን ሲሚንቶው ላይ አስቀመጥኩ። የተጋገረው እንጀራ በሦስተኛው ቀን ሻጋታ ያወጣል። ጤፉ ደግሞ የሚመጣው በካባላጋላ ሰፈር ሐበሾች በኩል ነውና ዋጋው አይጠየቅ። ያዳነኝ ዳጉሳ ነው። ኡጋንዳ የዳጉሳ አገር ናት፤ ቡሎ ይሉታል፣ ገንፎና መጠጥ ያደርጉታል፣ ገበያው ሙሉ ነው። አንድ እጅ ጤፍ፣ ሁለት እጅ ዳጉሳ፣ ጥቂት የሩዝ ዱቄት። ጠቆር ያለ፣ ጠንከር ያለ እንጀራ ወጣ። በቴሌግራም ለእናቴ አሳየኋት። ደንቢያ የዳጉሳ እንጀራ በልታ ያደገች ናት። "በመጨረሻ የሰው ምግብ በላችሁ" አለች።

ኮባም እንዲሁ። ጃጃ ማቶኬያቸውን፣ ያንን ያልበሰለ ሙዝ፣ ልጠው በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው፣ አስረው፣ ድስቱ አፍ ላይ በእንፋሎት ለሰዓታት ያበስሉታል። ለፋሲካ ድፎ ዳቦ ልደፋ ፈልጌ ቅጠል ስጠይቃቸው ማቶኬ ልሠራ መስሏቸው ደስ አላቸው፤ ራሳቸው ከጓሮ ቆርጠው፣ መሀል አጥንቱን በቢላ ፍቀው፣ እንዳይሰነጠቅ እሳት ላይ ለብለብ አድርገው ሰጡኝ። ለብለብ ማድረግን እናቴም እንዲሁ ነው የምታደርገው። ማታ ዳቦውን ይዤ ስሄድ ቅጠሉን ገልጠው ሽታውን ሳቡና ሳቁ።

በኅዳር ደግሞ ንሴኔኔ ይመጣል። አረንጓዴ ፌንጣ ነው፤ ዝናቡን ተከትሎ በሌሊት ይተምማል። ነጋዴዎች ዓይን የሚያጠፋ አምፖል ሰቅለው፣ ቆርቆሮ በርሜል ላይ አዘንብለው ይጠብቁታል፤ ብርሃኑ ይስበዋል፣ ቆርቆሮው ያንሸራትተዋል። ጠዋት መንገድ ዳር ሴቶች ክንፉንና እግሩን እየነቀሉ በሳህን ይሸጡታል። ጃጃ በሽንኩርትና በጨው የተጠበሰ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ላኩልን። ረቡዕ ነበር፤ ረቡዕ አዳነኝ። "ጾም ነው" አልኩ።

"ነገ ሐሙስ ነው" አለ ልጁ።

"የኛ ሃይማኖት..." ስል አቋረጠኝ። "መጥምቁ ዮሐንስ በረሃ ውስጥ የበላው ምን ነበር?"

ሰንበት ትምህርት ቤት የሚከፈለው ለዚህ መሰለኝ። ሳህኑን ሸፍኜ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ሁለቱም ሲበሉ አየኋቸው፤ እኔም ማንም ሳያየኝ አንዲት ቀመስኩ። ቅባት የነካው ቆሎ ነው። ሳህኑን ባዶውን መመለስ በኛም በነሱም ነውር ስለሆነ ዳቦ ቆርሼ ሞላሁበት።

በሰፈራችን የልጆቹን አፍ የሠራው ኮቪድ ነው። ኡጋንዳ ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. እስከ ጥር 2014 ዓ.ም. ድረስ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ትምህርት ቤቶቿን ሙሉ በሙሉም በከፊልም ዘግታ ቆየች፤ ከዓለም ረጅሙ መዘጋት ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ልጆቼ ጃጃ ግቢ ዋሉ። ሲወጡ ሉጋንዳ እንደ ውሃ ይፈስላቸዋል። አማርኛቸው ግን ጥርሱ ወለቀ፦ "ጠጣ" "ተታ" ሆነ፣ "ቀ" የሚባለው ድምፅ ከቤታችን ጠፋ። ባጋንዳ ቃል በተነባቢ ሲያልቅባቸው አይወዱም፤ አቤል የሚባል ልጅ አቤሊ ይሆናል፣ እናቱም ስሟ ይጠፋና ማማ አቤሊ ትባላለች። እኔንም በስሜ የሚጠራኝ ባለቤቴና የመኖሪያ ፈቃዴ ብቻ ነው። ሥራ ላይ ያለን ሰው ሲያልፉ "ጀባሌ ኮ" ይላሉ፤ እግዜር ያበርታህ እንደ ማለት ነው። ልጅቱ አንቲ ልብስ ስትተኩስ በአጠገቧ ባለፈች ቁጥር ትላታለች። ለኔ ብላኝ አታውቅም፤ እኔ ስጽፍ ሥራ አይመስላትም።

ዘዴ ያጣሁለት ያልኩት ይኸውላችሁ፦ ክረምት።

ልጅቱ አምስት ዓመት ሲሞላት ጠየቀችኝ፣ "ክረምት ምንድን ነው?" ዝናብ ነው አልኳት። "ዛሬም ዘንቧል" አለች። ትክክል ናት። ካምፓላ ሁለት የዝናብ ወቅት አላት፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር። የኛ ክረምት እዚህ ደረቁ ወቅት ነው፤ ሐምሌ አቧራ ነው። የኛ ክረምት ሲወጣ የእነሱ ዝናብ ይገባል። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ፣ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ እኩል። ለዚህ ልጅ እንቁጣጣሽን እንዴት ትነግራታለህ? ጭለማው አለፈ ብትላት የቱ ጭለማ ትላለች። አዲስ ዓመት ብትላት ትምህርት የሚጀመረው በየካቲት ነው፤ በመስከረም አዲስ ደብተር የለም፣ አዲስ ክፍል የለም። ወንዙ ሞልቶ የተለያየ ዘመድ መስቀል ላይ ይገናኛል ብትላት ጃጃ አጥር ዘልለን የምንደርስባቸው ናቸው። በዓላችን ያለ ክረምት መልስ ብቻ ነው፤ ጥያቄው የለም።

ያም ሆኖ እናደርገዋለን። ዐደይ አበባ የለም፤ አጥር ላይ የሚወጣ ቢጫ አበባ እንቆርጣለን። ቄጠማ የለም፤ ረግረጉ ግን በደንገል የተሞላ ነው፤ እናቴ ልጅ ሳለች ጣና ላይ ታንኳ ይሠራበት የነበረው ያው ደንገል። ምንጣፍ ለሚሠሩት የሚያጭድ ልጅ ለጋ ለጋውን አንድ እቅፍ ያመጣልናል፤ ሳሎን ላይ እንጎዘጉዘዋለን። ልጆቹ ከሌሎች የሐበሻ ልጆች ጋር በየበሩ አበባየሆሽ ይላሉ፤ ባለፈው ዓመት ሁለተኛው በር ላይ ሳይደርሱ ዝናቡ ወረደባቸውና ከበሮዋን ራሳቸው ላይ ደፍተው ሮጡ።

ከሁለት ዓመት በፊት በሁለተኛውና በሦስተኛው ወሰነ ትምህርት መካከል ሁለቱንም ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩ። ከኢንቴቤ ሁለት ሰዓት የሚሆን በረራ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ነበር። ቦሌ ስንወጣ ልጅቱ አፏን ከፍታ የገዛ ትንፋሿን አየች፤ ጭስ መስሏት ፈራች። ሹራብ ለብሳ አታውቅም፤ እጅጌው ውስጥ እጇ ጠፋባት።

እናቴ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆማለች። ልጁ ሄዶ ተጠመጠመባት። ልጅቱ ግን ሁለት እርምጃ ሲቀራት በሁለት ጉልበቷ ዱብ አለች።

"ኧረ ወደቀች! ልጅቱን!" ብላ እናቴ ጮኸች።

አልወደቀችም። የባጋንዳ ሴት ልጅ ለትልቅ ሰው ሰላምታ የምታቀርበው ተንበርክካ ነው። አንገቷን አቀርቅራ፣ እጇን ዘርግታ፣ እስኪመልሱላት ትጠብቃለች። ይህን ስነግራት እናቴ ቁልቁል እያየቻት ቆየች። እሷ ያደገችው የአያቶቿን ጉልበት እየሳመች ነው፤ የኔን ልጆች ግን ፈረንጅ ይሆኑብኛል ብላ ነበር የፈራችው።

"ማን አስተማራት?"

"ጃጃ። አከራያችን።"

"ጃጃ ምንድን ነው?"

"አያት።"

ትንሽ ዝም አለች። "ሌላ አያት አለቻታ" አለችና ልጅቱን በሁለት ብብቷ ይዛ አነሣቻት።

ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። ቆርቆሮው ሲንጫጫ ልጆቹ አልጋ ሥር ሊገቡ ምንም አልቀራቸው፤ እናቴ ሰፌድ ይዛ ወጣች፣ አፍሳ አመጣችላቸው። ልጅቱ አንዷን ጉንጯ ውስጥ ከታ ትንሽ ጊዜ አልተናገረችም፤ ይቀልጥብኛል ብላ ነው መሰለኝ። ልጁ "ክረምት ይሄ ነው?" አለኝ። ይሄ ነው አልኩት።

ማታ እናቴ አልጋዋን ለልጅቱ ለቀቀችላት፤ ሁለት ብርድ ልብስ፣ አንድ ጋቢ። መብራቱ ጠፍቶ ሩብ ሰዓት ሳይሆን ድምፅ ሰማን። አልጋው ላይ ተቀምጣ ጣሪያውን ታያለች።

"አጎበሩ የት አለ?"

"እዚህ ወባ የለም፣ የኔ ልጅ" አለች እናቴ። "እዚህ ብርዱ አያስቀምጣትም።"

ልጅቱ አልመለሰችም። አልተኛችምም። የፍራሹን ዳር በእጇ እየዳሰሰች ነው። ተነሥቼ አጠገቧ ልተኛ ስል እናቴ በእጇ ከለከለችኝ። ወንበር ጎትታ ወጣችበት፤ ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፣ ወንበሩን ያዝኩላት። ግድግዳው ላይ የሥዕል ምስማር ነበር፣ ከዚያ እስከ መጋረጃው ዘንግ ሲባጎ ሳበች። ለእሑድ አጥፋ ያስቀመጠችውን ነጠላ አወጣችና በሲባጎው ላይ ደርባ ዘረጋችው፤ ግራና ቀኝ ወረደ። ወርዱ ስላነሰ ጋቢውን ቀጠለችበት።

ልጅቱ በመሀሉ ገብታ ተጋደመች። ከዚያ ቀና አለችና ነጠላውን ከፍራሹ ሥር ጠቀጠቀችው፤ የራስጌውን ሁለት፣ የግርጌውን ሁለት። እናቴ የመጨረሻውን ማዕዘን ከውጭ በኩል ጠቀጠቀችላት። ልጅቱ እጇን አውጥታ ደግማ ነካካችው።